ስጦታው የዘረፈው ቅኔ

ብሩክታይት ከሞጣ ደውላ፣ «ወንድሜ ልብሱን ሁሉ ለጓደኞቹ ሰጥቷል አሉ፤ እባክሽ ድረሽለት» ባለቻት ጊዜ፣ የሞጣ ጎረቤቷ ዘይዳ ቢቸና ላይ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆና ከተቀጠረች ገና ወር አልሞላትም ነበር። ዘይዳ ጋዋኗን አውልቃ የብሩክታይት ወንድም ስጦታው እዚያው ቢቸና ወደሚማርበት ቅኔ ቤት ገሰገሰች።

«የእስላም ልጅ እዚህ ምን ልትሠራ መጣች?» አለ አንዱ ተማሪ፣ ሆን ብሎ እንድትሰማው። ዘይዳ ከአጥሩ ሳታልፍ መምህሩን አስጠራች።

መሪጌታ ወልደ ኪዳን ወጡ። «ልጄ፣ መንፈስ ነው ያደረበት። ነገ ጸበል እንወስደዋለን። በክኒን የሚሆን አይደለም።»

«ጸበሉን አልቃወምም፣ የኔታ። እስከ ነገ መቆየቱን ነው የፈራሁት። እህል ይቀምሳል?»

«ትቷል። ቅኔው ግን እንዲህ ሰምሮለት አያውቅም!» አሉና ጠዋት የዘረፈውን በግዕዝ አዜሙላት።

ዘይዳ አንድም ቃል አልገባትም። «ሰሙ ምንድን ነው?»

«ተማሪ ሲሄድ ጎጆውን ለባለቤቱ ይመልሳል።»

«ወርቁስ?»

«ጎጆው ሥጋው፣ ባለቤቱ እግዚአብሔር...» ሲሉ ፊታቸው አመድ መሰለ። «እኔ እኮ ይበል ብዬ አደነቅኩለት!»

«አሁን የት ነው?»

«ልብስ ላጥብ ብሎ ወንዝ ወርዷል።»

«የምን ልብስ፣ የኔታ?»

ሁለቱም ሮጡ።

ስጦታው ከወንዙ በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዘይዳ ራቅ ብላ ቁጢጥ አለች።

«የብሩክታይት ጎረቤት ነኝ፣ ዘይዳ እባላለሁ። ልትሞት አስበህ ነው የመጣኸው?»

መሪጌታ በድንጋጤ አማተቡ። ልጁ ግን ቀስ ብሎ ዞረ። «አንድ ድምፅ ዝለል ይለኛል።»

«አሁንም ይሰማሃል?»

«አሁንም።»

የእሷ ድምፅ ለእሱ የባዕድ ድምፅ ነው። «የኔታ፣ እርስዎ ይጥሩት» አለች በሹክሹክታ።

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። «ና ልጄ። ባለቤቱ ጎጆውን ገና አልጠየቀህም።»

ስጦታው በእንብርክኩ እየዳኸ መጥቶ እግራቸው ላይ ወደቀ።

እህቱ እንድታስታምመው በዚያው ቀን ሞጣ ሆስፒታል አስገቡት። መሪጌታ በየሳምንቱ ጸበል በጀሪካን ይዘው ይመጡና ልጁ ጠጥቶ፣ ክኒኑንም ውጦ እስኪጨርስ አጠገቡ ይቀመጣሉ። ድምፁ ፈጽሞ አልተወውም። ሲመጣበት ግን አሁን ለእህቱ ይነግራታል።