በስሟ የወደቀች አስተማሪ

የአንደኛ ክፍል የበርታ ቋንቋ አስተማሪ ለመቅጠር በወጣው ፈተና አንደኛ የወጣችው ስርጉት ናት፤ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ግን የጣሀ ስም ነው። ይህን የሰማችው በርታዋ አሮጊት ብኸይታ የወርቅ ማጠቢያ ገበቴዋን ወንዝ ዳር ጣል አድርጋ ተነሳች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ሰው መመዘን ግን ማንም አያስተምራትም። ስርጉት የሰፋሪ ልጅ ብትሆንም የብኸይታን ጡት ጠብታ፣ ከልጆቿ ጋር በበርታኛ ተሰዳድባ ያደገች ናት።

በማግስቱ ብኸይታ የልጅ ልጇን ዐርዋንና ሰባት የክፍል ጓደኞቿን አሰልፋ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ግቢ ገባች። ኃላፊው አቶ ወንድምአገኝ ከባለጉዳዮች መሀል ቆሟል።

"እናቴ፣ እኔ እኮ የእናንተን መብት ነው ያከበርኩት። ስርጉት አንለይ የሚባል በርታ አለ እንዴ?"

"ጣሀስ?"

"ስሙ ይናገራል!"

"እኔ ማንበብ አልችልም፤ አንተ ደግሞ ከማንበብ ሌላ አትችልም። ወርቅ ገዢ ከረጢት አይቶ ይገዛል? ገበቴ ላይ አሳጥቦ ነው! ጥራው ልጁን፣ እዚሁ ይታጠብ!"

ባለጉዳዩ በሳቅ ፈነዳ። ውል ሊፈርም የመጣው ጣሀ፣ አሶሳ ከተማ ያደገ ጨዋ ልጅ፣ ወደ ፊት ወጣ።

"በል፣ በቋንቋችን አስተምራቸው" አለችው።

ጣሀ ሰላምታውን እንደ ምንም ተወጣው። ከዚያ ወዲያ በርታኛው አለቀበት፤ ልጆቹ አፍ አፉን ያዩታል።

"ያመለከትኩት ለሒሳብ ነበር" አለ ላቡን እየጠረገ። "ይህን ፈተና አልተፈተንኩም። ስሜን አይተው ነው የመደቡኝ።"

ስርጉት ከባለጉዳዮቹ መሀል ተጠራች። ጠጠር አፍሳ በበርታኛ መቁጠር ጀመረች። ሆን ብላ ስትሳሳት ዐርዋ ጮኻ አረመቻት፤ ሌሎቹም ተንጫጩ። ግቢው በጭብጨባ ቀለጠ።

"እሺ፣ ለኮሚቴ እናቀርበዋለን" አለ ኃላፊው።

"ኮሚቴው ይኸው ቆሟል! ስርጉት የኔን ጡት የጠባች ልጅ ናት። የምደባውን ወረቀት አምጣ፣ ወለዲ፣ ልጄ!"

አቶ ወንድምአገኝ ዙሪያውን ቢያይ የሚያስጥለው ሰው አጣ። የጣሀን ስም ሰርዞ አስተካከለ፤ ማኅተሙንም መታበት። ብኸይታ አላመነችውም፤ ወረቀቱን ለጣሀ ሰጠችው።

"አንብብ።"

"ስርጉት አንለይ" አለ ጣሀ፣ ሸክም እንደወረደለት ሰው እየሳቀ።

"ጮክ በል! መንገድ ላይ ያሉትም ይስሙ።"

ሦስት ጊዜ አስነበበችው፤ በሦስተኛው እልልታዋን ለቀቀችው።