ከሁለቱ ዝርዝሮች አዲሱ

ከቆሎው ሳህን ሥር ያለው ወረቀት ጥግ ላይ የተጻፈው ቀን በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ያስተዋልኩት፣ የልጄ የሀዊ አለቃ ኤልናታን «አለቀ!» ብሎ ካጨበጨበ ከአንድ ሰዓት በላይ በኋላ ነው። 12/10/2017 ይላል። ኤልናታን ይህን ወረቀት ገና ከቦርሳው ሲያወጣው «ይሄ የ2017 ነው፣ ሙዚየም ይግባ» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ወርውሮት ነበር። እኔም አዲሱ የጠረጴዛ ልብስ እንዳይቆሽሽ ብዬ የሳህን ማስቀመጫ አደረግሁት።

ሀዊ የምትሠራው ለፋርማሲዎች መድኃኒት በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ነው። ፋርማሲዎቹ በስልክ ያዝዛሉ፣ ትዕዛዙ አስኮ ያለው መጋዘን ይደርሳል፣ መኪና ይጭናል። በመካከል ያለውን የሚሠራው ኮምፒውተር ነው። ፕሮግራሙ ተከፋፍሎ ኮንቴይነር በሚሏቸው ብዙ ትንንሽ ሳጥኖች ውስጥ ይሠራል፤ ሳጥኖቹ ደግሞ አምስት ማሽኖች ላይ ተደልድለው አንድ ክላስተር ይባላሉ። በዓይን የሚታይ ነገር የለም። ሳጥኖቹ የሚፈላለጉት በስም ነው፤ አንዱ የሌላውን ስም ሲጠራ ቁጥሩን የሚነግረው ዲኤንኤስ የሚባል አለ። የሀዊ ሥራ ለዚህ ነጋሪ አንድ ትእዛዝ መጻፍ ነበር፦ በድርጅታችን ስም የሚያልቅ አድራሻ ሲጠይቁህ ወደ ውጭ አትውጣ፣ አስኮ ያለውን የራሳችንን ማሽን ጠይቅ። ይኸው ነው። የአስኮውን ማሽን ቁጥር አስተካክሎ መጻፍ ነው። ለዚህም አለቃ ያስፈልጋል ተባለ፤ አለቃውም ይህ ሆነ።

ልጄ ከተመረቀች በኋላ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ቤት ተቀምጣ ነበር። ስልሳው የሙከራ ቀኗ የሚያልቀው ሰኞ ነው። ይህ ሥራ ያለ ችግር ካለቀ ቋሚ ትሆናለች፣ ከተበላሸ ትሰናበታለች። እኔ እንደሆንኩ ከተቀጠረችበት ቀን ጀምሮ የስንብት ደብዳቤዋን በሕልሜ ሳነብ ነው የከረምኩት።

ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ኤልናታን ለሀዊ ደወለ። 18 ማዞሪያ ያለው ቢሯቸው መብራት ጠፍቶበታል፤ እኛ ሰፈር ቀራንዮ ግን አለ። ስለዚህ ሥራው እኛ ቤት ይሁን ተባለ። በሩን ስከፍትለት ፀሐይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቆሟል። ቢበዛ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው።

«ማዘር፣ ዋይፋይ አሪፍ ነው?» አለኝ። ሰላምታው ይህ ነው።

«ይግቡ» አልኩት። የልጄ እንጀራ በእጁ ነው ብዬ እርስዎ አልኩት፤ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። «መኪናዎን ግን እዚያ ጥግ አያቁሙት። ሌቦች ስፖኪዮ ይፈታሉ።»

«ኢንሹራንስ አለው ማዘር።»

ተቀመጠና ሁለቱን ወረቀቶች አወጣ። ሁለቱም የማሽኖች አድራሻ ዝርዝር ናቸው። አንዱን ማሽኖቹን የተከሉት ሰዎች በእንግሊዝኛ አሳምረው ያተሙት ነው፤ 08/03/2024 ይላል። ሌላውን ያዘጋጀው ከኤልናታን በፊት የነበረው ቴክኒሻን ነገሬ ነው። የነገሬ ወረቀት ቆሎው ሳህን ሥር ገባ፣ የታተመው ሀዊ ፊት ተዘረጋ።

ሀዊ ግን ሳህኑ ከመቀመጡ በፊት ሁለቱን አስተያይታ ነበርና ስልኳን አነሳች። በሥራው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «የአስኮው ማሽን አድራሻ ሁለቱ ላይ ይለያያል፣ በየትኛው ልሥራ?» ብላ ጻፈች። ማንኛውም ለውጥ ከመደረጉ በፊት ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን የሚል ደንብ አላቸው። እኔ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጥኩት። «ዝም ብለሽ ሥሪ እንጂ፣ የማታውቅ ይሉሻል» አልኳት በጆሮዋ። አልሰማችኝም። ሰውዬው አጠገቧ ተቀምጦ ሳለ በአፉ መመለስ ሲችል፣ እሱም ስልኩን አወጣና ተጣድፎ ጻፈ። ግሩፑ ውስጥ የድርጅቱ ባለቤት ወይዘሮ ወለተጻድቅ አሉበታ! ቅዳሜ ከሰዓት ሲሠራ ይታይ እንጂ።

ስምንት ሰዓት ላይ አለቀ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ መሄድ ነበረበት፤ ግን ሻይ መጣና ስለራሱ ማውራት ጀመረ። የት የት ስልጠና እንደወሰደ፣ ነገሬን እንዴት እንዳስወጣው። «ኋላ ቀር ነበር ማዘር፤ ሁሉን ነገር በወረቀት፣ ሁሉን ነገር በእጅ።» እኔ ራሴን እየነቀነቅሁ ሳህኑን ቆሎ ልጨምርበት አነሳሁት። ቀኑን ያየሁት ያኔ ነው።

«ይቅርታ፣ ድርጅታችሁ የተቋቋመው መቼ ነው?» አልኩት።

«በ2022።»

«በእኛ?»

«በፈረንጅ ነዋ ማዘር! በእኛ ገና መች ደረስን?»

«ታዲያ ይህን ወረቀት በፈረንጅ 2017 ማን ጻፈው? ድርጅቱ ሳይወለድ?»

ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ወረቀቱን አላየውም፤ የሀዊን ኮምፒውተር በጣቱ መታ። «ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ አዩት? ስም ይጠየቃል፣ መልስ ይመጣል። ይሄ ኔትዎርክ ነው ማዘር፣ የዕድር መዝገብ አይደለም።»

ሀዊ ግን ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና በጣቷ ቆጠረች። «አሥረኛው ወር ሰኔ ነው» አለች ቀስ ብላ። «የባለፈው ሰኔ። አዲሱ ዝርዝር ይሄ ነው።»

ገና አፏን ሳትዘጋ የኤልናታን ስልክ ጮኸ። የአስኮው መጋዘን ኃላፊ ሰይፈዲን ነው፤ ድምፁ እስከ ጓዳ ይሰማል።

«ኤላ፣ አዲስ አበባ በሙሉ ዳነ እንዴ? ከስምንት ሰዓት ጀምሮ አንድ ትዕዛዝ አልመጣልኝም! ሹፌሮቹ ካርታ እየተጫወቱ ነው!»

የሆነው ይህ ነው። በአሮጌው ዝርዝር ላይ ያለው ቁጥር ዛሬም ይሠራል፤ ግን ከሰኔ ወዲህ የአዲስ ሠራተኞች መለማመጃ ማሽን ሆኗል። ስም ሲጠይቁት ይመልሳል፤ ወደ መለማመጃው መጋዘን ይመራል። ፋርማሲዎቹ «ትዕዛዝዎ ደርሷል» ተብለው ተደስተው ተቀምጠዋል፤ የደረሰው ግን ማንም የማይከፍተው ቦታ ነው። ቢሰበር ኖሮ ቶሎ ይታወቅ ነበር። እኔ የምፈራው ሁልጊዜ እንዲህ ዓይነቱን ነው፤ ዝም ብሎ የሚበላሸውን።

ሀዊ ቁጥሩን ማስተካከል ጀመረች። ሰውዬውስ? ስልኩን ይዞ ወደ በረንዳ ወጣ። መስኮቱ ክፍት መሆኑን አላየም።

«እሜቴ፣ ትንሽ ችግር ተፈጥሯል... አዲሷ ልጅ ናት። የተሳሳተ አድራሻ አስገብታ... አዎ፣ ሙከራ ላይ ናት። ሰኞ እንጨርሰዋለን።»

ሰኞ እንጨርሰዋለን! ሻዬን ጠጥቶ፣ ቆሎዬን በልቶ፣ በረንዳዬ ላይ ቆሞ። ተከትዬው ወጣሁ።

«ና ግባ» አልኩት። እርስዎነቱ እዚያ ላይ አበቃ። «ወረቀቱን የወረወርከው አንተ፣ ጥፋቱ የልጄ?»

«ማዘር፣ ይሄ የኦፊስ ጉዳይ ነው።»

«ኦፊሱ ያለው ሳሎኔ ውስጥ ነው!»

«እማ፣ በቃ» አለች ሀዊ ከውስጥ። እሱን ይዤ ስገባ የእሷ ስልክ ጠራ። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ናቸው። እጇ ሥራ ላይ ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ይኸው መጣ አልኩ፤ ሰኞን እንኳ አልጠበቁም።

«ሀዊ፣ ግሩፑን አሁን ነው ያየሁት፤ ለቅሶ ቤት ነበርኩ» አሉ። ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። «በየትኛው ልሥራ ብለሻል። ኤልናታን ደግሞ እንዲህ ብሎ መልሷል፦ "2024 ከ2017 ይበልጣል፣ ሂሳብ ነው።" የሚስቅ ፊትም አለበት። እሱ አለ እዚያ?»

«አ... አለሁ እሜቴ።»

«የነገሬን ወረቀት ገልብጠው።»

ገለበጠው። ጀርባው ላይ ማህተምና ፊርማ አለ። እኔም ሳህን ሳስቀምጥበት አላየሁትም።

«የማን ፊርማ ነው?»

«የእርስዎ።»

«ሰኔ ላይ ማሽኑ ሲዛወር ፈርሜ የሰጠሁት ነው። ያንተን ስህተት ለሌላ ሰው ማሸከም ሂሳቡ ውስጥ አለ?» ኤልናታን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መለሰው። «እንግዲህ ዛሬ የጠፉትን ትዕዛዞች አንድ በአንድ ለሰይፈዲን ሳታስተላልፉ ከዚያ ቤት እንዳትወጣ። የሀዊን የቋሚነት ደብዳቤ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ጽፈህ ለፊርማ ታመጣልኛለህ። አንቺም ሀዊ፣ ነገም ጠይቂ።»

ሀዊ «እሺ እሜቴ» ብላ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰች። እኔ ጥያቄዋን በእግሬ ልገታ የሞከርኩት ሴት መሬት መሬት አየሁ።

ቁጥሩ ከተስተካከለም በኋላ ሳጥኖቹ አሮጌውን መልስ ለጥቂት ደቂቃ ይዘው ቆዩ፤ ሁለት ትዕዛዞች እንደገና ወደ መለማመጃው ሄዱ። በጠቅላላው አርባ ሦስት ሆኑ። ያ ስልጠና የጠገበ ሰው መነጽሩን አውልቆ እንደ ጸሐፊ እያነበበላት፣ እሷ እየጻፈች መሸ። ሁለት ጊዜ መስመር ዘለለ፣ ሁለቱንም ጊዜ አረመችው። ሻይ ድጋሚ አላፈላሁም። ውሃ ግን ሰጥቼዋለሁ፤ ውሃ አይከለከልም።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰይፈዲን ደውሎ «ሁሉም ደርሷል፣ ካርታውን ቀምቻቸዋለሁ» አለ። ኤልናታን ቦርሳውን ያዘ።

«እትዬ ዋጋነሽ፣ አስቸገርኩዎት» አለኝ። ስሜን ከየት እንዳመጣው እንጃ።

«ደህና እደር» አልኩት።

ግቢውን ዘግቼ ሳልመለስ ተንኳኳ። ቻርጀሩን ረስቷል። ሰጥቼ ሸኘሁት፣ የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋም ቆምኩ።

«እማ፣ ቋሚ ሆንኩ እኮ! ደስ አይልሽም?» አለች ሀዊ ከበረንዳው።

«ደብዳቤውን የሚጽፈው እሱ ነው» አልኳት። «ሰኞ ማታ እጅሽ ላይ ካየሁት ይለኛል።»

«አንቺ ደግሞ!» ብላ እየሳቀች ገባች። እኔ መቀርቀሪያውን ገፋሁ፣ ቁልፉን ሁለቴ አዞርኩና በሩን ጎትቼ አየሁት። ተቆልፏል።