ኮምፒውተሬን ማን ነካው

«አልጸዳም! ራቢያ፣ አልጸዳም ብዬሻለሁ!»

ጋሽ ገብረ መድህን ጩኸታቸውን ገና ከበሩ ነው የሚጀምሩት። ላፕቶፓቸውን በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው፣ ዝናብ እንዳይነካው ካፖርታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ እያለከለኩ ይገባሉ። ፎቶ ኮፒ የሚጠብቅ ሰው ቢኖር ባይኖር ግድ የላቸውም። እኔ ደግሞ ሲጮኹብኝ ዝም የምል ሴት አይደለሁም፤ አሰላ ውስጥ ማንንም ጠይቁ፣ የኮምፒውተር ጥገናዋ ራቢያ ምላሷ ምላጭ ነው ይሏችኋል። ለእሳቸው ግን አፌ ይተሳሰራል። ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አባቴ «ሴት ልጅና ኮምፒውተር ምን አገናኛቸው» ሲል፣ ሱቁ ድረስ ሄደው የሞገቱልኝም እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ እስቲ ቁጭ ይበሉ። ምኑ ነው ያልጸዳው?»

«ያ ቆሻሻ ነዋ! ኩኪስ ነው ምንትስ የምትይው። አጥፍተሽ ሰጠሽኝ፣ ቤት ወስጄ አስቀመጥኩት። ዛሬ ባየው ሞልቷል።»

እንዴት እንደሚታይ ያሳየኋቸው እኔው ነኝ። በገዛ እጄ ነው እሳቱን የጫርኩት።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ቤት እንደ መጥረግ ነው» አልኳቸው። «ጠርገው ሳይጨርሱ ሰው በጭቃ ጫማው ይገባል። ቴምፖራሪ ፋይል የሚባለውን ኮምፒውተሩ ራሱ ገና ሲበራ ይጥለዋል፤ ለሥራው ይፈልገዋል። ኩኪሱን ደግሞ የከፈቱት ድረ ገጽ ነው የሚያስቀምጠው፣ ሌላ ጊዜ ሲመጡ እንዲያውቅዎት። እኔ ባጠፋው፣ ገጹን መልሰው ሲከፍቱት እሱም መልሶ ያስቀምጣል። ብልሽት አይደለም።»

«እኔ አልከፈትኩም።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ከፍቶታል።»

«ሰው ሳይከፍተው አይመጣም?»

«ኩኪሱ? አይመጣም።»

ምን ልበል ታዲያ? እውነቱ ይኸው ነው። ጋሼ ዓይናቸውን አጥብበው በሩን በሩን አዩ።

«አውቄው ነበር» አሉ። «ሃዊ ናት።»

ሃዊ ከጎበሳ መጥታ እሳቸው ቤት ከገባች ዓመታት አልፈዋል። የጋሼን ባለቤት በሕመማቸው ያስታመመች እሷ ናት። ከቀብሩ በኋላ ዘመድ ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተንም የቀረችው እሷ ናት። ጋሼ ልጅ የላቸውም። ሃዊ ከወጣች እዚያ ቤት እሳት የሚያነድ፣ በር የሚከፍት፣ አመመዎት ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም።

«ኧረ በአላህ፣ ጋሼ! ሃዊ ኮምፒውተር ምን ያደርግላታል?»

«እሱን እሷን ጠይቂያት» አሉና እንደገና ያጸዳሁላቸውን ላፕቶፕ እንደ ሕፃን አቅፈው ወጡ።

ሰንበት ብሎ ሃዊ ራሷ መጣች። ጭላሎ ተራራ ከነጭራሹ በጉም የጠፋበት ቀን ነበር። ነጠላዋ በስብሶ ትከሻዋ ላይ ተለጥፏል፣ ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው?» አለችኝ፣ ሰላም እንኳ ሳትል። «አባባ አስማሉኝ። በአላህ ስም ማልኩላቸው። በማግስቱ ምንም እንዳልማልኩ ደግመው አስማሉኝ። አሁን ደግሞ ልብስሽን ሰብስቢ እያሉኝ ነው።»

«እስቲ ሃዊ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ነክተሽዋል?»

«እኔ? እኔ እኮ በኦሮምኛ፣ በቁቤ ነው የተማርኩት! በአማርኛ ፊደል የተጻፈ የሱቅ ስም እንኳ በመከራ ነው የማነበው። የእሳቸው ደግሞ ሁሉም አማርኛ ነው። አቧራውን እንኳ ጠርጌለት አላውቅም፣ ይቆጣሉ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ራቢያ፣ ይሄን ለሰው አልናገርም። ባለፈው በሮብ ቀን ሥጋ ሥሪልኝ አሉ። አባባ ሮብ ነው፣ ጾም ነው ስላቸው ‹ማክሰኞ ነው! አንቺ ነሽ የእኔን ጾም የምታስተምሪኝ?› ብለው ጮኹብኝ። በኋላ ገባቸው መሰለኝ፣ እህል ሳይቀምሱ ዋሉ። ደግሞ የሚካኤል ማኅበር ነው ብለው ለብሰው ወጡ፤ ቀኑ ገና ነበር። ሰው እንዳይስቅባቸው ሮጬ መንገድ ላይ መለስኳቸው።»

«እርጅና ነው፣ ማን የማይረሳ አለ?» አልኳት። እኔም ያልኩትን አላመንኩትም።

«ማል ኑ ወያ?» አለች። ምን ይሻለናል ማለቷ ነው።

ብዙም አልቆየም፣ ጋሼ ፌስታላቸውን ይዘው ተመለሱ። «ተመልሷል!» አሉ።

እኔ የሰው ኮምፒውተር ሲመጣልኝ ገበናውን አላይም፤ አጥፍቼ እሰጣለሁ። ያን ቀን ግን ከማጥፋቴ በፊት ጎግል ላይ ምን እንደተጠየቀ፣ ምን ምን እንደተከፈተ አየሁ።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?» ይላል። የተከፈተው የቀን መቁጠሪያ ገጽ ነው። ከሥሩ «ዛሬ ስንት ቀን ነው?» ያው ገጽ። «ዛሬ ጾም ነው?» «ዛሬ የማን በዓል ነው?» ደግሞ እንደገና «ዛሬ ምን ቀን ነው?» በአንድ ጠዋት ውስጥ ያው ጥያቄ ይመላለሳል። ሁሉም በአማርኛ ፊደል፣ ሁሉም ከነጥያቄ ምልክቱ። ጎግል ላይ የጥያቄ ምልክት ሳይረሳ የሚጽፍ አስተማሪ ብቻ ነው።

ያ ረቢ! ጋሼ ከፊቴ ወንበር ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን በትንፋሻቸው ያሞቃሉ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

ፈገግ አሉ፤ ድሮ ክፍል ውስጥ ሰነፍ ተማሪ ሲጠይቃቸው እንደሚሉት። ዓይናቸው ግን ግድግዳውን ይፈልጋል። ከኋላዬ የተሰቀለውን ካላንደር፣ እኔ ዝርክርኳ ከግንቦት ወዲህ አልገለጥኩትም።

«ግንቦት ነዋ» አሉ።

ቆርቆሮው ላይ የሐምሌ ዝናብ እየደበደበ ነበር። ክረምትና በጋ ከምን እንደሚመጡ ያስተማረኝ ሰው ነው ግንቦት ያለኝ።

ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩት። «ሃዊ አማርኛ አትጽፍም፣ ጋሼ» አልኩ።

አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ደግመው አነበቡ።

«እሷን መጠየቅ አፍሬ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጠዋት ጠዋት ዛሬ ምን ቀን ነው ስላት ፊቷ ይለዋወጣል። ይሄ ግን ፊት የለውም።» ላፕቶፑን ዳሰስ አደረጉት። «ከዚያ መክፈቴን እረሳዋለሁ ማለት ነው?»

«ይመስለኛል፣ ጋሼ።»

«ትናንት አባረርኳት እኮ ራቢያ። ሌባ ብዬ ነው ያባረርኳት።»

አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ወዲያው እንደውልላት ብላቸው እጃቸውን አወናጨፉ። «ዛሬ ድምፄ አይወጣም። ነገ ጠዋት እመጣለሁ፣ በራሴ አንደበት ይቅርታ እጠይቃታለሁ።»

«እንዳይረሱት በወረቀት ልጻፍልዎት?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ይሄንንማ አልረሳውም፣ ልጄ» አሉ።

እሳቸው ሲወጡ ለሃዊ ደወልኩ። ጎበሳ አክስቷ ቤት ገብታለች። አቦምሳ ሥራ እንዳገኘች፣ በማግስቱ ከሰዓት እንደምትሳፈር ነገረችኝ። የሆነውን ሁሉ አስረዳኋት፤ ልቧ ግን ቆርጧል።

«ሚስታቸውን በእነዚህ እጆቼ አጥቤያለሁ» አለች። «ምዬላቸው ሌባ አሉኝ። ራቢያ፣ እኔም ሰው ነኝ። በራሳቸው አፍ ይቅር በይኝ ይበሉኝና አሁኑኑ እመለሳለሁ። ካላሉኝ ግን ነገ አቦምሳ ነኝ።»

«ይሏታል፣ አትጠራጠሪ» አልኩ ለራሴ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ጠዋት ሱቄን ገና ስከፍት ከሩቅ አየኋቸው። ካፖርታቸው ውስጥ አንድ ነገር ሸጉጠዋል።

«አልጸዳም! ራቢያ፣ ሰው እየነካብኝ ነው ብዬሻለሁ!»

የትናንቱ ፊት የለም። ሐዘኑም፣ ሐፍረቱም፣ እንባውም ተጠርጎ ሄዷል።

«ጋሼ... ሃዊስ?»

«እሷንም አጣኋት። ገበያ ሄዳ ይሆናል። ይኸው ቁርስ እንኳ አልበላሁም።»

ምን አባቴ ላድርግ? ከሰዓት መኪናው ይሄዳል። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ፤ ሃዊ ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳችው። ስትጠብቅ ነው ያደረችው። «እዚህ ናቸው» አልኳትና ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን በእጃቸው አስያዝኳቸው።

«ይቅርታ ይበሏት፣ ጋሼ» አልኩ በጆሯቸው።

«ለምኑ?» አሉኝ። በእውነት ግራ ገብቷቸዋል። ከዚያ በስልኩ ጮኹ። «ሃዊ! የት ነው የጠፋሽው? ስሚ፣ ሰው ቤት እየገባ ኮምፒውተሬን ይነካብኛል። ካንቺ በቀር የማምነው ሰው የለኝም። ቶሎ ነይና አብረን እንያዘው።»

ከዚያኛው ወገን ድምፅ ጠፋ።

«ሃሎ? ኔትወርክ ነው እንዴ?» አሉ ጋሼ።

ኔትወርክ አልነበረም። አፏን በእጇ አፍና ስታለቅስ እኔ ሰምቻለሁ። ቆይታ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ሰማሁ፣ አባባ። መጣሁ» አለች። «ቁርስ በልተዋል?»

«አልበላሁም። ዛሬ ጾም ነው እንዴ?»

«አይደለም። ሐሙስ ነው፣ አባባ። ይብሉ።»

ስልኩን መለሱልኝ። «ጥሩ ልጅ ናት» አሉ፣ ላፕቶፑን ከፌስታሉ እያወጡ። «በይ አጽጂልኝ። ሰው መንካት አለመንካቱን የማውቀው በዚህ ነው።»

አጸዳሁላቸው። ነገ ተመልሶ ይሞላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሃዊን ያስምሏታል። ይሄን እኔም አውቃለሁ፣ ከጎበሳ የምትሳፈረው ሃዊም ታውቃለች። የማያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።