ሰባት ቤት የሚቆጥር ኮምፒውተር

በዚህ ከተማ ኮምፒውተር እጠግናለሁ የሚለው ሰው ከባጃጁ ይበዛል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱን ሳሎኔ ድረስ አስመጥቼ አይቻቸዋለሁ፤ ሁለቱም ሲደመሩ ግማሽ ሰው አይሞሉም።

መጀመሪያ የመጣው ይታያል የሚባለው ነው። ዲግሪ አለው ብለውኛል። ፊቱ ላይ ምንም የተጻፈ ነገር ስላላየሁ እውነት እንደሆነ ጠየቅሁት። "አዎ፣ ቲቸር" አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ፣ የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ዓመታት ርእሰ መምህር ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ስለሆንሁ ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ስሜ የብርጓል ቢሆንም፣ ትንሹም ትልቁም ቲቸር ይለኛል። ኮምፒውተሩን ያለበስሁትን ዳንቴል ገልጬ ችግሩን አሳየሁት። ከታች በጥግ በኩል ያለችውን ምልክት ሲነኳት ሜኑው ግማሽ ድረስ ብቅ ይላል፤ ከዚያ ይደርቃል። ማውሱ አይንቀሳቀስም፣ ቁልፉም አይሠራም። ያለው መፍትሔ ነቅሎ መልሶ መሰካት ብቻ ነው፤ ተነሥቶም ሜኑው ሲነካ ያው ነው። ይታያል ሦስት ጊዜ ነካው፤ ሦስት ጊዜ ደረቀበት።

"ስታክ ያደርጋል" አለኝ።

ሳምንቱን ሙሉ በዓይኔ ያየሁትን በእንግሊዝኛ ስለነገረኝ አመሰገንሁት። "መፍትሔውስ?"

"ፎርማት ነው፣ ቲቸር።"

"ፎርማት ስታደርገው ውስጡ ያለው አይጠፋም?"

"ይጠፋል። ግን ንጹሕ ይሆናል።"

ጥርሱን ያመመውን ሰው አንገቱን የሚቆርጥ ሐኪም ቢኖር እንዲህ ነበር የሚናገረው። ዳንቴሉን መልሼ አለበስሁትና በሩን አሳየሁት። የሁለተኛውን ስም እንኳ አልጠየቅሁም። ስልኩን ከፍቶ አንድ ፈረንጅ ሲጠግን የሚያሳይ ቪዲዮ እያየ፣ ፈረንጁ የሚነካውን እየነካ ግማሽ ሰዓት ተቀመጠና እሱም "ፎርማት" አለ። እሱንም ሸኘሁት።

ፎርማት የማይሆንበት ምክንያት ባለቤቴ አዳሙ ነው። አዳሙ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ደብተሩን ይዞ ከደብር ደብር እየዞረ ሽማግሌ ሲጠይቅ፣ ማን ከማን እንደተወለደ ሲጽፍ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። በኋላ ኮምፒውተሩ ሲገዛ በሁለት ጣቱ እየተየበ ሁሉንም አስገባው። ደብተሮቹን አይጥ በላቸው። የቀረው ይኸው የሚደርቀው ዕቃ ውስጥ ነው።

እኔም አሁን የፈለግሁት ለልጄ ለሕሊና ነው። ሕሊና ፋርማሲስት ናት፤ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ስልኳ ተሰብሮ ለማስጠገን ሄደች፤ ባል ይዛ ተመለሰች። ጌቱ ይባላል፤ የደብረ ኤልያስ ገበሬ ልጅ ነው። መናኸሪያው አጠገብ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ሱቅ አለችው፤ እዚያ ስልክ ሲፈታታ ይውላል። እኔ የጥሩነሽ ዘር ነኝ። አያት ቅድመ አያት ብዬ ወደ ላይ ስቆጥር ስድስተኛዋ ጥሩነሽ ናት፤ አገር ያስተዳደረች፣ በበቅሎ እንጂ በእግሯ ያልሄደች ሴት። ይህን ለአዳሙም ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሳልነግረው የዋልሁበት ቀን የለም፤ የእሱ ወገን እንደኛ ስመ ጥር አልነበረም። እናም የጥሩነሽ ልጅ ልጅ ለስልክ ጠጋኝ ስትሰጥ አስቡት።

እምቢ ብዬ በቀጥታ መናገር አልፈለግሁም፤ ሕሊና ታኮርፋለች፣ ጎረቤትም ያወራል። ግን በእኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ልጁና ልጅቷ ወደ ላይ ሲቆጠሩ እስከ ሰባተኛው ድረስ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ እኅትና ወንድም ናቸው፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። አዳሙ ደግሞ "ደብረ ኤልያስ ዘመዶች አሉን" ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት እሑድ ነው። ፋይሉ ከዚያ በፊት ከተከፈተልኝ፣ ሁለቱም በአምስት ወይም በስድስት ቤት ላይ ከተገናኙልኝ፣ እኔ ምንም ክፉ ቃል ሳልናገር ደማቸው ይከለክልልኛል። አልዋሽም፤ ምኞቴ ይህ ነበር።

ረቡዕ ማታ እራት ላይ ሕሊና "ጌቱ ይየው" አለችኝ።

"ምን እንደምፈልግበት ቢያውቅ ይመጣል?"

"ነግሬዋለሁ፣ እማዬ። ፋይሉን ለምን እንደፈለግሽው ያውቃል። እመጣለሁ አለኝ።"

"እንግዲያው ሞኝ ነው" አልኋት። በልቤም ለእሷ ያዘንሁላት ያን ጊዜ ነው፤ ደሃ ብቻ መስሎኝ ነበርና።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጣ። ማንም ሳያዝዘው ጫማውን በር ላይ አወለቀ። የግራ እግሩ ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። አይቼ እንዳላየ አልሆንሁም፤ እስኪያፍር ድረስ አየሁለት። ዳንቴሉን አነሣ፤ የፊተኞቹ ጠቅልለው ወንበር ላይ ይወረውሩት ነበር፣ እሱ በአራት አጥፎ አስቀመጠው። ኮምፒውተሩን ከመክፈቱ በፊት ወደ እኔ ዞረ።

"ቲቸር፣ መድረቅ የጀመረው ጋሽ አዳሙ እያሉ ነው ወይስ ካረፉ በኋላ?"

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። "እሱ እያለ ደህና ነበር። ካረፈ ወዲህ የከፈተው የለም፤ ባለፈው ሳምንት ስከፍተው እንዲህ ሆነ።"

"ስለዚህ ከእሳቸው ጋር የሄደ ነገር አለ" አለ። ንግግሩን አልወደድሁትም፤ ትንሽ የጠንቋይ ቃና አለው።

ሜኑውን አልነካውም። በቁልፎቹ በኩል ዞሮ ገባና ከዚህ መስኮት ወደዚያ መስኮት እያለ ያነብ ጀመር። ሻይ አላቀረብሁለትም። ከወንበሩ ኋላ ቆሜ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ እጠብቀው ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ "አገኘሁት" አለ።

"ምኑን?"

"ጋሽ አዳሙ ቶሎ እንዲያገኙት ብለው የሚሠሩበትን ፎልደር ሜኑው ላይ ለጥፈውታል። ፎልደሩ ግን ያለው ፍላሽ ላይ ነው። ሜኑው በተከፈተ ቁጥር ፍላሹን ይፈልጋል፤ ፍላሹ የለም፤ እስኪሰካለት ብሎ ቆሞ ይጠብቃል።" የተለጠፈውን አነሣና ሜኑውን ነካው። ያለ ምንም ችግር እስከ ላይ ተከፈተ። ዘጋው፤ እንደገና ከፈተው። "ይኸው፣ ደህና ሆኗል።"

"ፋይሉስ?"

እዚህ ላይ "የለም፤ ጠፍቷል" ብሎ ተነሥቶ መሄድ ይችል ነበር። እኔ ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው። እሱ ግን "ኮምፒውተሩ ውስጥ የለም" አለኝ፤ "ፍላሹ ላይ ነው። ስም ሰጥተውታል፣ 'ዘር' ይላል። ጋሽ አዳሙ የሚሳሱለትን ነገር የት ነበር የሚያስቀምጡት? እዚያ ይፈልጉት።"

አየሁት። የገዛ ሠርጉን በገዛ እጁ የሚያፈርስ ሰው በቅርብ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሞኝነቱ ጠቀመኝና ወደ መኝታ ቤት ሄድሁ። አዳሙ የሚሳሳለት ዳዊቱን ነበር፤ ከነቆዳ ማኅደሩ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ አለ። ካረፈ በኋላ አንድ ቀን ማኅደሩ ውስጥ እጄን ስከት ጣት የምታክል ፕላስቲክ ዳስሼ ነበር፤ የላይተር ስብርባሪ መስላኝ እዚያው ተውኋት። አሁን አወጣኋት። ፍላሽ ናት።

ጌቱ ሰካት። ፋይሉ ተከፈተ፤ የአዳሙ ፊደል ሁሉ በስክሪኑ ላይ ሞላ። "አንብብ" አልሁት። የደብረ ኤልያሱን ፈለገና ከራሱ አባት ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ ላይ አነበበ። ከሕሊና ጀምሮም በአዳሙ በኩል አነበበ። እኔ በጣቴ እቆጥራለሁ። አምስት ላይ አልተገናኙም። ስድስት ላይም አልተገናኙም። ሰባት ላይም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ገዳሙ የሚባል ሰው ላይ የሚደርሱት በስምንተኛው ነው።

"እንደገና ቁጠር።"

ቆጠረ። "ስምንት ነው፣ ቲቸር።"

አልሣቀም። ቢሥቅ ኖሮ እንዴት በጠቀመኝ፤ በደንብ እጠላው ነበር። እሱ ግን ልብም አላለኝ፤ ሌላ ዘመድ እንዳይኖር ብሎ እስከ መጨረሻው ገጽ ወረደ። እዚያ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ፋይሉን ዘጋው።

"ለምን ዘጋኸው?"

"ይሄ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ቲቸር። እኔን አይመለከተኝም።"

"ቤተሰቡ እኔ ነኝ። ክፈተው።"

ከፈተውና ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ ፊቱንም ወደ ሳሎኑ መስኮት አዞረ። መነጽሬን አስተካክዬ አነበብሁ።

"ለራሴ። በየብርጓል በኩል ስድስተኛዋ ጥሩነሽ ናት። በእኔ በኩል ስድስተኛዋ ወለተ ሰንበት ናት። ሁለቱ አንዲት ሴት ናቸው። ጥሩነሽ የዓለም ስሟ ነው፤ ወለተ ሰንበት የክርስትና ስሟ። የመጀመሪያ ባሏ ሲሞት ደብር ተሻግራ ሌላ አገባች። ከመጀመሪያው የወለደቻቸው በዓለም ስሟ፣ ከሁለተኛው የወለደቻቸው በክርስትና ስሟ ሲቆጥሯት ኖሩ፤ እኛ ስንጋባ ሽማግሌዎቹ ያላወቁት ለዚህ ነው። በ1999 ክረምት አረጋገጥሁ። ሕሊና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ለማንም አልናገርም። የብርጓል በጥሩነሽ ስትመካብኝ እሰማለሁ። ደስ ይበላት።"

ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ በእራት ላይ፣ በእንግዳ ፊት፣ በጠብም በፍቅርም ጊዜ ያሸከምሁት ጥሩነሽ የእሱም አያት ነበረች። አሥራ ስድስቱን ዓመት እያወቀ፣ ሽሮውን እየበላ ሰምቶኛል። አፈርሁ፤ ከእግሬ እስከ ራሴ አፈርሁ። ከሃፍረቱ ኋላ ፍርሃቱ መጣ። እኔና አዳሙ በስድስት ቤት ከተገናኘን ሕሊና የዘመዳሞች ልጅ ናት። የዚህ ልጅ አጎቶች ይህን ቢሰሙ እሑድ የሚመጡት ሊጠይቁ አይደለም፤ እንደማይፈልጓት ሊነግሩኝ ነው። እኔ የጌቱን ዘር ልመዝን ተነሥቼ ሚዛኑን የያዘው እሱ ሆነ።

"ፍላሹን ላውጣው?" አለኝ ከመስኮቱ ሳይዞር።

"አውጣው።" አልሁት። "ለሕሊና ትነግራታለህ?"

"ምኑን?" አለ።

ፍላሹን በመዳፌ ላይ አስቀመጠ፤ ዳንቴሉን ዘርግቶ ኮምፒውተሩን አለበሰ፤ ጫማውን አድርጎ ሄደ። ሻይ ጠጣ እንኳ ሳልለው ሄደ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ የጌቱ አጎት አቶ አገኘሁ መሪያቸው ነው። እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። በእኛ በኩል የአዳሙ ታናሽ ወንድም ደርቤ አለ። ደርቤ ሰው መናቅ ከእኔ የተማረ ነው፤ ጎበዝ ተማሪዬ ነው።

አቶ አገኘሁ ልጃችሁን ለልጃችን ብለው ጨረሱና "ዘሩስ ተቆጥሯል ወይ?" አሉ።

ደርቤ ቀደመኝ። "ወንድሜ ሁሉንም ጽፎ ነው የሞተው። እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ አለ። እትዬ የብርጓል፣ ይክፈቱትና ሁላችንም እንየው።"

ሁሉም ወደ ዳንቴሉ ዞሩ። ሕሊና በማድ ቤቱ በር ላይ ቆማለች።

"አይከፈትም" አልሁ። "እንደደረቀ ነው።"

"ጠጋኝ አልጠሩም?"

"ጠርቻለሁ። ጌቱ ራሱ መጥቶ ነበር። አልቻለም።"

አቶ አገኘሁ መሬት መሬት አዩ። ደርቤ በአፍንጫው ሣቀ። "ይህችን መጠገን ያቃተው ነው እንግዲህ የኛን ልጅ የሚወስደው?" አለ። ቃሉም ሣቁም የእኔ ነበር፤ በሰው አፍ ስሰማው እንዴት እንደሚያስጠላ ያን ቀን አወቅሁ።

"ደርቤ፣ ዝም በል" አልሁት። "ልጁ ጎበዝ ነው። አዳሙ ሳይሞት ያስጠናኝን በቃሌ ቆጥሬዋለሁ፤ የሚገናኙት በስምንተኛው ነው። ልጄን ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ።"

ተቀመጡ፤ እልልታውም ቀለጠ። ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ሕሊና ወደ ጆሮዬ ቀረበች። "እማዬ፣ ጌቱ እኮ ተስተካክሏል ብሎኝ ነበር።"

"ውሸቱን ነው" አልኋት።

ስምንት ነው ባልሁበት አፌ፣ በዚያው ቀን፣ ሳይዋሽ ዋሾ፣ ሳያቅተው ሰነፍ አደረግሁት። እሱም አጎቱ ሲወቅሰው "አዎ፣ አቃተኝ" ብሎ እንደመለሰ በኋላ ሰማሁ። እኔ የናቅሁት ያን ሰው ነበር፤ ካልሲው የተቀደደውን።