ከነጭ በግ ጥቁር ግልገል

እኔ የሺ፣ ጭድ ተራ ጭድ ስሸጥ ብዙ ጉድ አይቻለሁ፤ እንደ ሱፍያን አንጀቴን ያሳረረው ግን የለም። ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን ነው። ሱፍያን ከመደቤ አጠገብ በግ ያደልባል፣ ለዘር የሚሆን አውራ በግም ይሸጣል።

ሚስቱ ሪሃና ወንድ ልጅ ወለደችለት። እሱም እሷም ቀይ ናቸው፤ ልጁ ጥቁር ሆኖ ተወለደ። ወሬኛ ምን ሥራ አለው? «ከማን ይሆን?» ተባለ። ይኼ ጅል ወሬውን አምኖ አራሷን ከነልጇ ወደ እናቷ ቤት ሰደዳት። ለመርካቶ ልጆች ሁሉ ሲወለዱ የሚታረደውን የአቂቃ በግ ሲሸጥ የኖረ ሰው ለገዛ ልጁ አላርድም፣ በስሜም አይጠራም አለ። ሊያስታርቁ የሄዱትን ሽማግሌዎችም አሳፍሮ መለሳቸው። ሪሃና በእጄ ያደገች ልጅ ናት፤ እንዴት አልቃጠል?

አንድ ጠዋት ጋሽ ዱባለ የሚባሉ የሰበታ ሰው ጥቁር ግልገል ታቅፈው ከተፍ አሉ። ከሱፍያን ነጭ አውራ ገዝተው ነጭ በጎቻቸው ላይ ለቀውት ኖሯል። አታለልከኝ፣ ዘሩ ድቅል ነው ብለው ገበያውን አመሱት። ሱፍያን ምንም አልደነገጠም። ጥቁረት በነጭ በግ ደም ውስጥ ተደብቆ እንደሚኖር፣ አባትም እናትም ይዘውት ከተገናኙ በግልገሉ ላይ ብቅ እንደሚል ረጋ ብሎ አስረዳቸው።

«ጋሼ፣ በጓን አይጠርጥሯት» አላቸው። «ግልገሉ የአያቱን መልክ ነው የያዘው።»

ሰውየው አምነው ሄዱ። እኔ ግን ደሜ ፈላ፣ ጭዴን ጥዬ ተነሳሁ።

«ለበግ የፈረድከውን ለሚስትህ ነፈግካት?» አልኩት። «ያሳደጉህ አያትህ እትዬ ሀጅራ መልካቸው ምን ነበር? ወይስ እሳቸውንም ከቤት ልታስወጣቸው ነበር?»

ሰዉ ሁሉ ሰማ። ሱፍያን አንገቱን ደፋ።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ሙክት እየጎተተ ወደ ሪሃና እናት ቤት ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ተሳስቻለሁ፣ ልጄን በስሜ ልጥራው፣ ቤትሽ ግቢ እያለ ለመናት። ሪሃና ልጁን ታቅፋ በሩ ላይ ቆመች። አላለቀሰችም።

«ወንድሜ አርዶለታል» አለችው። «ስሙ ጠሀ ነው፤ የሚጠራው በአባቴ ነው። ልጅህን ማየት ስትፈልግ ና። እኔ ግን በሰው ወሬ የሚያባርረኝ ቤት አልመለስም።»

ሙክቶቹን እየጎተተ ተመለሰ። እኔም እሰይ አልኩ፣ ምን እዋሻለሁ።