ደወሉ የሚሰማበት ቤት

እኔ ወርቅቱ፣ ጣውንት አለብኝ። ሴት ብትሆን ፀጉሯን ይዤ እገላገል ነበር። ጣውንቴ ግን እዚህ አምቦ፣ ከቤታችን ማዶ ተዘርግታ የተቀመጠች የእርሻ ኮሌጅ ናት።

ባለቤቴ ዱጋሳ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ነው እዚያ የገባው። ሊመረቅ ጥቂት ወር ሲቀረው የሶማሊያ ጦርነት መጣና ደብተሩን ጥሎ ዘመተ። ከዚያ ሰሜን፣ በመጨረሻም ወለጋ፤ ወጣትነቱን ምሽግ በላው። ሲመለስ መንግሥት ተለውጧል፣ እግሩም ያነክሳል፤ ማን ያስተምረዋል? ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ልጃችንን ኤቢሴን አሳደገ። ሰው ሲጠይቀው ግን "ወታደር ነበርኩ" ብሎ አያውቅም። "የኮሌጅ ተማሪ" ነው የሚለው።

ኧረ ስንቱን ላውራ! ጉደር ሰርግ ተጠርተን፣ አንዱ "ዓለማያ ኮሌጅ ይበልጣል" ቢል የጎረሰውን ሳይውጥ ተነሥቶ ወጣ። ባኮ የአባቴ ቤት ባዶውን ተቀምጦ "እንሂድ፣ እዚያ እንኑር" ስለው "ደወሉ የማይሰማበት አገር አልኖርም" አለኝ። የኮሌጁ ደወል ከተነቀለ ስንት ዘመኑ! ኮሌጁም ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ፎቅ በፎቅ ሆኗል። እሱ ግን በየምረቃው ከረባቱን አስሮ በሩ ላይ ይቆማል። ቤተሰብ ያልመጣለት ተመራቂ ካየ አበባ ገዝቶ ያቀብለውና አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሣል። በስንቱ ሰው ግድግዳ ላይ አባት ሆኖ እንደተሰቀለ እግዜር ይወቀው። እኔ ያንን በር አልፌ አላውቅም። ቅናት ነው፤ ምን እደብቃለሁ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። መጀመሪያ ስቀንበታል። ወፍጮ ቤት ብሎ ይወጣና ኮሌጁ በር ላይ ይገኛል። "ደወለ እኮ፣ ረፈደብኝ" ይላል። አንድ ቀን ግን ኤቢሴን "እህቴ" አላት። ልጄ ነርስ ናት፣ ወዲያው ገባት፤ ጓዳ ገብታ አልቅሳ ወጣች።

"እማዬ፣ ወደ ኋላ እየሄደ ነው" አለችኝ። "የቅርቡ ይጠፋዋል፤ የድሮው ነው የሚቀረው።"

ወደ ኋላ ከሄደማ እኔ የለሁበትም! ያገኘኝ ከጦርነቱ በኋላ ነው፤ ጣውንቴ ግን ከእኔ በፊት ናት። እሷ ትቀራለች፣ እኔ እጠፋለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጠዋት ሲነቃ አፍ አፉን ነው የማየው። "ወርቅቱ" ካለኝ ቀኑ ይነጋልኛል።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ጠዋት ስሜን ሳይጠራ ተነሣ። ከረባቱን አስሮ ወጣ፤ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ተከተልኩት። ከሁሉቃ ወንዝ የተነሣው ጉም ሰፈሩን ውጦታል። ባጃጆቹ ድምፃቸው ይሰማል እንጂ አይታዩም። የዱጋሳ ጀርባ አንዴ ብቅ ይላል፣ አንዴ ይጠፋል፤ ማነከሱም የተወው መሰለኝ። አዳዲሶቹ ፎቆች የሉም። የቀሩት የድሮዎቹ ዛፎችና በሩ ብቻ ናቸው። ያ ዘመን ራሱ ተመልሶ የመጣ መሰለኝ፤ የእኔም እግር እንደ ሕልም መሬት አልረግጥ አለ።

በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ አየኝ። የሽማግሌ ፊት ላይ የጎረምሳ ዓይን!

"አካም ቡልተኒ፣ እማማ?" አለኝ።

እማማ! በስድስት ዓመት የሚበልጠኝ ሰውዬ! ሌላ ጊዜ ቢሆን ልክ ልኩን እነግረው ነበር።

"ደህና አደርኩ፣ ልጄ" አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

"እማማ፣ አንድ ነገር ያማክሩኝ። ለጦሩ እየመዘገቡ ነው። ጓደኞቼ ተመዝግበዋል። እኔ ደግሞ ልመረቅ ትንሽ ነው የቀረኝ። እናቴ እንጭኒ ናት፣ ሩቅ ነው፤ የምጠይቀው ሰው አጣሁ። ልሂድ ወይስ ልቅር?"

ካልዘመተ እኮ ወለጋ ላይ ሠራዊቱ ሲበተን አብሮ አይበተንም። በባዶ እግሩ ባኮ አይደርስም። እኔ መንገድ ዳር የበቆሎ ቂጣ ስሸጥ፣ ሌላው ወታደር እጁን ሲዘረጋ፣ እሱ ብቻውን አፍሮ ፊቱን አዙሮ አይቆምም። "ና፣ ብላ" አልለውም። ኤቢሴም አትወለድም። "ሂድ" ካልኩት ግን ዞሮ ዞሮ የእኔ ነው።

"ሂድ" ልል ነበር። እግዜር ምስክሬ ነው፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ዓይኑን አየሁት። ሌሊት እያስጮኸ የሚያባንነው ነገር ገና አልደረሰበትም።

"ቅር፣ ልጄ" አልኩት። "ጦርነት ላንተ አይሆንህም። ግባና ትምህርትህን ጨርስ።"

ፊቱ በራ። እንዲህ ሲስቅ፣ እውነቴን ነው፣ በትዳራችን አንድም ቀን አላየሁትም። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ።

"ዕድሜ ይስጥልኝ፣ እማማ!" ብሎኝ ወደ ጉሙ ገባ። አንዴም አልዞረም።

ዘበኛው ጉተማ ከጥበቃ ቤቱ ወጣ። ሁለታችንንም ያውቀናል።

"አዴ ወርቅቱ፣ ሮጬ ልመልስልሽ?" አለኝ።

እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ።

"ተወው" አልኩት። "ትምህርት አለው።"