የታንኳው ጠብታ

ሸምሲያ ቡርሀንን ገና ከመጀመሪያው አላመነችውም። ባሏን ኢስሀቅን ታንኳውን ተሸክሞ ሲሄድ በጣሊያን ካሚዮን ገጭቶ እግሩን የሰበረ ሾፌር እንዴት እንዲህ ረግቶ ይቆማል? «ክላክስ ነፋሁ፤ መሀል መንገድ ገባብኝ» ይላል ደጋግሞ፣ አንዲት ቃል ሳትዛነፍ። እንዲህ ያለው ነገር ተጠንቶ የመጣ ነው፤ ሸምሲያ እንደሆነች ሞኝ አይደለችም።

ጣሊያኑ ሹም በአስተርጓሚው በኩል ያዘዘው አጭር ነበር። ሽማግሌ መንገዱን አይቶ ጥፋተኛውን ይንገረኝ፤ ጥፋተኛው ዛሬውኑ ወህኒ ይወርዳል፤ እግሩ የተሰበረም ቢሆን። ኢስሀቅ በዚያ እግሩ ወህኒ ከገባ በሕይወት አይወጣም።

ሽማግሌ ሆነው የተመረጡት ሸህ ሙሀመድየሱፍ ናቸው። እሳቸውንም ጠረጠረቻቸው። ከቡርሀን አጎት ሱቅ ስኳር ይዘው ሲወጡ ስንት ጊዜ አይታለች! አሁን ደግሞ አጎንብሰው በከዘራቸው አቧራ ይነካካሉ።

«ሸህ፣ የጎማውን ዱካ አይተው ይፍረዱ እንጂ አፈር ምን ይነግርዎታል?»

«ባልሽ ታንኳውን ገና ከሐይቁ አውጥቶ ነው የተሸከመው?»

«አዎ፤ እንደ ወትሮው አቁሞ ሊያደርቀው።»

«እንግዲያ እርጥብ ነበር።»

ከሐይቁ ዳር ሣር፣ ከደንገል የታሰረ ታንኳ ውሃ ከጠገበ በሄዱበት ሁሉ ይንጠባጠባል። ጠብታው ደርቆም ቢሆን አቧራው ላይ ትንንሽ ጉድጓድ ትቷል፤ ከሐይቁ ጀምሮ የመንገዱን ዳር ዳር ይዞ መጥቷል።

«አያችሁ! ዳር ዳሩን ነበር የሚሄድ! ይኼ ውሸታም!» አለች ሸምሲያ ቡርሀን ላይ ጣቷን ቀስራ።

ሸሁ ግን አልቆሙም። ዋርካው ጋ ሲደርሱ ጠብታው ዳሩን ትቶ ወደ መሀል ታጠፈ። የፍሬኑ ምልክትም እዚያው ነው። በታጠፈበት በኩል፣ ዳሩ ላይ፣ ሰው የሚያስተኛ ያህል ቦታ ካሚዮኑ ያስነሣው አቧራ ሳይነካው ቀርቷል።

«እዚህ ስጥ ያሰጣው ማነው?»

ሁሉም ዞረው ኢስሀቅን አዩት። ወጌሻው እስኪመጣ ዋርካው ጥላ ሥር ያስተኙት ከዚያው ቦታ አፍሰው ባነጠፉለት ደንገል ላይ ነው። አዲሱ መንገድ ቶሎ ያደርቃል ብላ ሸምሲያ በጧት ያሰጣችው ደንገል ነው።

ሄዳ አጠገቡ ተንበረከከች። «ለምን ረግጠኸው አላለፍህም?»

«ታንኳው ፊቴን ጋርዶኝ ከእግሬ በቀር አላይም ነበር» አለ ኢስሀቅ ጥርሱን ነክሶ። «ደንገልሽን ሳይ ዞርሁ። ጧት ሙሉ የለፋሽበትን እንዴት ልርገጠው?»

ሸምሲያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ቡርሀንን ቀና ብላ ማየት አፈረች።

«ሹሙ ጥፋቱ የማን ነው ይላል» አለ አስተርጓሚው።

ሸሁ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደመቻቸው።

«የኔ ነው በልልኝ።»

አስተርጓሚው ስሟን ጠየቃት።